የጽሕፈት ክፍሉ ትራፊክ

የመማሪያ መጻሕፍት በሚዘጋጁበት መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ክፍል ኃላፊዋን በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ትራፊኳ» ነው የሚሏት። ጸሐፊዎቹ አራት፣ ስክሪኑና ኪቦርዱ አራት፣ ጓዳ የተቀመጠው ኮምፒውተር ግን አንድ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሁሉም ሲጽፉ ማሽኑ ድርቅ አለባቸው። ከዚያ ወዲህ «ይሄ ነገር ለአንድ ሰው እንጂ ለሰፈር አይበቃም» ብላ ተራ አወጣች። እጇን ወደ አንዷ ስትዘረጋ ያቺ ትጽፋለች፣ የቀሩት እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ።

ዛሬ ግን ተራው ጉድ ሊያፈላ ነው። የሳይንሱ መጽሐፍ እስከ ማታ ማተሚያ ቤት ካልደረሰ፣ ትምህርት ሲከፈት ተማሪው ያለ መጽሐፍ መቀመጡ ነው፤ ብዙው ገጽ ደግሞ ገና አልተጻፈም። ጭንቅ ቢላት የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነችውን የእህቷን ልጅ ጠራቻት።

ልጅቷ እጃቸውን ያጣጠፉትን ስታይ «ምነው አክስቴ፣ ፎቶ ሊነሱ ነው?» አለች።

«ተራ እየጠበቁ ነዋ!»

«የምን ተራ? ተራ አስከባሪውማ እዚያው ማሽኑ ውስጥ አለ! አንቺ ‹ሀ›ን ጽፈሽ ‹ለ›ን እስክትነኪ ለእሱ አንድ ሙሉ እንቅልፍ ነው። በዚያች መሀል ሌሎቹን አዳርሶ፣ የት እንዳቆምሽ ሳይረሳ ይመለሳል። ከመፍጠኑ የተነሳ ለየብቻችሁ የያዛችሁት ይመስላችኋል።»

«የአንዷ ጽሑፍ ከሌላዋ ቢደባለቅስ?»

«ለእያንዳንዷ የራሷን ቦታ ከልሎ ይይዛል፣ አትስጊ።»

ትራፊኳ ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋች። «በሉ፣ ሁላችሁም!»

ክፍሉ በኪቦርድ ኳኳታ ተናጋ። «እትዬ፣ የኔ እየበረረ ነው!» «የኔም!»

ጥቂት ቆይቶ ግን ፊደሉ መንቀርፈፍ ጀመረ።

«አላልኩሽም?» አለች ትራፊኳ፣ ፊቷ ጠቁሮ።

ልጅቷ ስክሪኑ ላይ አቀርቅራ ሳቀች። «ጎረቤት ክፍል ያለው ሠዓሊም ከዚሁ ማሽን ጋር ተያይዟል፤ የመጽሐፉን ሥዕሎች በሙሉ እንዲያሳንስለት አዞታል። ጸሐፊ መሀል መሀል ታርፋለች፤ የሱ ሥራ ግን ትንፋሽ የለውም። ያኔም ያደረቃችሁ ይሄው ይሆናል።»

«እናቁመው በያ!»

«ሥዕሎቹስ ለዚሁ መጽሐፍ አይደሉ? ቅድሚያውን ዝቅ እናድርግበት፤ እናንተ በምታርፉባት ሽርፍራፊ ጊዜ ይሥራ። ነይ፣ አንቺው እዘዢው።»

ትራፊኳ ልጅቷ ያሳየቻትን ቁልፍ ተጫነች። ፊደሉ እንደገና ይንዠቀዠቅ ጀመር!

ፀሐይ ሳትጠልቅ የማተሚያ ቤቱ ሹፌር መጽሐፉን ከነሥዕሎቹ ተረክቦ ወጣ። ሠዓሊው በጩኸቱ ደንግጦ ብቅ ሲል፣ ትራፊኳ ከጸሐፊዎቿ ጋር ተቃቅፋ ትዘላለች።

«ምን ተገኘ?» አለ።

«ሁላችንም ሠራን!» አለችው። «አንተንም ጨምሮ፣ ሁላችንም ባንዴ!»