የጄቤ አፍ

በሞአ ወንዝ ዳር ባሉት መንደሮች ቫንዲን የማያውቅ አይገኝም። የሴቶቹን ማኅበር ጭምብል የሚቀርጸው እሱ ነበር። ልጃገረዶቹ የማኅበሩን ትምህርት ጨርሰው ከጫካ ሲወጡ ሶዌይ የተባለችው ጭምብል ከፊታቸው እየጨፈረች ትወጣለች። ያቺን ዘይት ጠጥታ የምታብረቀርቅ ጥቁር የእንጨት ወይዘሮ ከግንድ ውስጥ የሚያወጣት የቫንዲ መሮ ነው። ሶዌይ ደግሞ እንዲሁ ጌጥ እንዳትመስላችሁ። ሴት ልጅ ምን ስትመስል ነው ቆንጆ የምትባለው ብሎ ለሚጠይቅ፣ አገሩ የሚያሳየው እሷን ነው። ግንባሯ ሰፊ፣ ዓይኗ ጭፍን ያለ፣ አንገቷ በክርክር ላይ ክርክር፣ አፏ ትንሽና ግጥም ያለ። ጨዋ ሴት ጥርሷን ለአላፊ አግዳሚው አታሰጣም። ይሄን ማን ደነገገው ብሎ የጠየቀ የለም። ቫንዲም አልጠየቀም፤ ምን ቆርጦት!

ፈጣሪ ታዲያ ለዚህ ሰው አንዲት ልጅ ሰጠውና አፏን አሰፋው። ጄቤ ስትስቅ ድዷ ሳይቀር ይታያል፤ የማትስቅበት ሰዓት ደግሞ የለም። ሩዝ ስትወቅጥ ትስቃለች፣ ውሃ ስትቀዳ ትስቃለች፣ ዶሮ ደንብራ ብትሮጥ ትስቃለች። ለልጆቻቸው ሊያጯት የመጡ አባቶች ሥራዋን አመስግነው፣ ለማጫ ያመጡትን የኮላ ፍሬ ይዘው ይመለሳሉ። መንደሩ ያማታል፤ አባቷ ግን ከመንደሩም ባሰ። ቀኑን ሙሉ ያንን ትንሽ አፍ ሲፍቅ ውሎ ቤቱ ሲገባ ይሄ ሰፊው ይቀበለዋል።

"አንቺ ልጅ፣ ሰብሰብ አድርጊው እንጂ" ይላታል።

"ይኸው ሰበሰብኩት፣ ኬኬ" ትለዋለች። አባቷን ኬኬ ነው የምትለው። ከንፈሯን በጣቶቿ ቆንጥጣ ይዛ ትቆማለች፤ ሳቁ ግን በአፍንጫዋ ያመልጣታል። እሱ አይስቅም። እንኳን ሊስቅ፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓሮ ይሰዳታል።

በዝናቡ ወራት ወባ ጣላት። መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና አላስገባ ስላለ ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመዋት ሲሄዱ፣ ሐኪም ቤት ሳትደርስ እዚያው ላያቸው ላይ አረፈች። ስትገነዝ አፏ ተዘግቶ ነበር። ቫንዲ ዕድሜዋን ሙሉ ዝጊው ሲላት የኖረውን አፍ ተዘግቶ አየው። እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር በሕይወቱ አይቶ አያውቅም።

በጋው ሲገባ የማኅበሩ አለቃ ማማ ኮና ላከችበት። አሮጌዋን ሶዌይ ምስጥ ጨርሷታልና አዲስ ይሥራልን ነው መልእክቱ። እንደ ወጉ ብቻውን ጫካ ገባ። ሚስቱ ያታ እንኳ ምግቡን መንገድ ላይ አስቀምጣለት ትመለሳለች እንጂ ሥራውን አታይም። ግንባሩን አወጣ፣ ሹሩባውን ጎነጎነ፣ አንገቱን ከረከረ፤ አፉ ላይ ሲደርስ እጁ እምቢ አለው። ወይ ራሱ ነው እምቢ ያለው፣ ማን ያውቃል። ብቻ ሰፊ አድርጎ፣ ከነጥርሱ፣ የጄቤን አፍ ከፍቶ ቀረጸው። ሲጨርስ ፊት ለፊቱ አስቀምጧት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ልጁ ለካ ቆንጆ ነበረች። ዓይን ያልነበረው እሱ ነው። ሴቶቹ ይቺን ቢቀበሉለት አገር ሁሉ ጎንበስ ብሎ ቆንጆ ይላታል። ምነው ለአንድ ቀን እንኳ ቢሏት!

የማን ፊት እንደሆነ ግን ትንፍሽ ማለት አይችልም። ሶዌይ ከውሃ የወጣች መንፈስ ናት፤ የሰው ፊት በእሷ ላይ ማኖር ትልቅ ነውር ነው። ከታወቀ ጭምብሉ ይቃጠላል።

ማማ ኮና ሁለት አሮጊቶች አስከትላ መጣች። ጨርቁን ገልጣ ጭምብሉን አገላብጣ አየችው። አንገቱን ዳሰሰችና እጅህ ይባረክ አለችው፤ ሹሩባውንም አደነቀችለት። ከዚያ ጣቷን አፉ ላይ አቆመች።

"ይሄ ምንድነው፣ ቫንዲ?"

"አፍ ነው።"

"አፍ መሆኑንማ አየሁ። ምን ያስገለፍጣታል?"

"ደስ ብሏት ነው፣ እማማ።"

አሮጊቶቹ ተያዩ። ማማ ኮና ክፉ ሴት አይደለችም፤ ልጁን ቀብሮ የተቀመጠ ሰው መሆኑንም አልረሳችም። በለሰለሰ አንደበት መከረችው። እንጨቱ ወፍራም ነው፤ ጥርሱን ፍቀህ ከንፈሩን ብታጠበው እስከ ዛሬ ከሠራሃቸው ሁሉ ትበልጣለች አለችው። እውነቷን ነው፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ቫንዲ መሮውን አየ፣ አፉን አየ። ያኔ በቃል ሲዘጋው ኖሮ፣ አሁን ደግሞ በብረት?

"አልነካትም" አለ።

"ለምን?"

ለምን እንደሆነ ቢናገር እሳት ነው የሚጠብቃት። መሮውን ከአጠገቡ አርቆ አስቀመጠ።

"እንግዲያው ለጎንዴ ትሁን" አለች ማማ ኮና፤ ጭምብሉን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ሄደች።

ወይ ጉድ! ጎንዴ እኮ የማኅበሩ ማላገጫ ጭምብል ናት። ሶዌይ ተከብራ ስታልፍ እሷ ከኋላ ቡትቶዋን እየጎተተች፣ የተንጠለጠለባትን ጣሳ እያንኳኳች፣ ሰው እየለከፈች ትመጣለች። ሶዌይ የቁንጅና ልክ እንደሆነች ሁሉ ጎንዴ ደግሞ የአስቀያሚነት ልክ ናት። ሶዌዩን ከሌላ መንደር ቀራጭ አሠሩ።

ልጃገረዶቹ በሚወጡበት የበዓል ቀን ጎንዴ ገና ብቅ ስትል አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ ያለች ጎንዴ ታይታ አትታወቅም። ልጆች አፋቸውን በጣታቸው እየለጠጡ ተከተሏት፣ ጎልማሶች አፏ ውስጥ ሙዝ ለመጠቅጠቅ ተሻሙ። ያታም ሳቀች። ልጇን ከቀበረች ወዲህ ጥርሷ ታይቶ የማያውቀው ያታ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ በድንገት ቀጥ አለች። ጭምብሉን አተኩራ አየችው። ሕዝቡን ሰንጥቃ ባሏ አጠገብ መጥታ ቆመች።

"ልጄ ናት" አለችው።

"ቆንጆ እንዲሏት ብዬ ነው" አለ ቫንዲ።

"በል እንግዲህ፣ ምን እንደሚሏት ስማ።"

በማግሥቱ ጓዟን ይዛ ወደ ወንድሞቿ መንደር ሄደች፤ አልተመለሰችም። ቫንዲ ቅስሙ ተሰብሮ ማማ ኮና ደጅ ወደቀ። መልሱልኝ፣ እንዳላችሁት አፏን አጠበዋለሁ አላት። አሳዘናት፤ ግን እምቢ አለችው። ሶዌይን ሰዉ ያከብራታል፣ ይቺን ግን ልጆቹ ወደዋታል፣ ከእንግዲህ ማን ያስነካሃል አለችው። ከዚያ ወዲያ ከሙቀጫና ከዘነዘና በቀር የቀረጸው ነገር የለም።

በሚቀጥለው በጋ ጎንዴ ስትወጣ ቫንዲ ብቻውን ከዳር ቆሞ ነበር። ጣሳዋን እያንቋቋች መጥታ ፊቱ ድቅን አለች፤ አንገቷን ዘመም አድርጋ ገለፈጠችበት። ልጁን ፈለጋት። ግንባሩን አየ፣ ዓይኑን አየ፣ አፉን አየ። የገዛ እጁ ሥራ ነው፣ እያንዳንዱን ጥርስ ያውቀዋል፤ ጄቤን ግን አጣት። ዓይኑን ጨፍኖ ቤት ውስጥ ስትስቅ ሊያስታውሳት ሞከረ። የመጣችለት ይቺው ጎንዴ ናት፣ ከነቡትቶዋ። ዓይኑን ቢገልጥ የሚያየው ሌላው ሰው የሚያየውን ብቻ ሆነ፤ ሰፊ፣ የጅል፣ የእንጨት አፍ። ያኔ ከሆዱ የሆነ ነገር ገፍቶ መጣበት፤ ሊይዘው ሞከረ፣ አልተያዘለትም። ቫንዲ እንደ ሰዉ ሁሉ ጮክ ብሎ ሳቀባት።