ሸዋረገድ ያወደሰችው ሽሮ

ሸዋረገድ ምግብ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ወንበሩን ነው። መደገፊያ ካለው ደስ ይላታል። መደገፊያ የሌለው፣ ያ ረጅሙ የባር ዱካ ከሆነ፣ ምግቡ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ስትጽፍ «እግሩን ለሚያመው አይሆንም» ብላ ትጨምርበታለች። ቀጥሎ መጸዳጃ ቤቱን ታያለች። ምግቡ ሦስተኛ ነው።

ምን ታድርግ፤ ሥራዋ ሆም ኬር ነው። ጠዋት ጠዋት እዚያው በምትኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝላቸውን አንድ ሽማግሌ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ አሌክሳንድሪያ አንዲት አሮጊት አሉባት፤ በሌላው ቀን ጀርመንታውን ሌላ ሽማግሌ ጋ ነው። አሌክሳንድሪያ ለመድረስ በባቡር ሬድ ላይን ይዛ፣ ወደ የሎው ላይን ቀይራ፣ ክሪስታል ሲቲን አልፋ ኪንግ ስትሪት ትወርድና ባስ ትይዛለች። ከባሱ ወርዳ የአሮጊቷን በር እስክታንኳኳ ሃምሳ ደቂቃ ትተርፋታለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው፤ ጉልበቷ ግን ሰባ ሞልቶታል። በዚያች ሃምሳ ደቂቃ ቁጭ ብላ ትኩስ ነገር ካልቀመሰች ከሰዓት በኋላውን አትወጣውም።

ጽሑፉም የመጣው ከዚሁ ነው። የበላችውን ፎቶ እያነሳች ለልጇ ለፀደንያ ትልክ ነበር፤ ፀደንያ ደግሞ አንድ ቀን ሥራ ፈትታ ቴሌግራም ላይ «የት እንብላ» የሚል ቻናል ከፈተችላት። የመጀመሪያው ጽሑፍ ስለ አንድ የሳልቫዶሮች ቤት ነበር። «ፑፑሳ ማለት በአይብ የታጨቀ ወፍራም ቂጣ ነው። ሁለቱ ያጠግባል። ሴትየዋ አበሻ መሆንሽን ካወቀች ሚጥሚጣ የመሰለ ነገር ከጓዳ ታወጣለች። አይብ ስላለው በጾም አይሆንም።» ከዚያ የአፍጋኖቹ መጣ፤ «ዳቦው እንደ አንሶላ ይረዝማል፣ ለአራት ሰው ይበቃል።» የቬትናሞቹ ሾርባ፤ «ጉንፋን ይነቅላል፤ ሳህኑ ግን ሕፃን ያሳጥባል።» ሰው ሳቀ፣ ለሌላ ሰው ላከ። ሳታስበው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሰው ምሳውን እሷን እየጠየቀ የሚወጣ ሆነ። ሹፌሩ፣ ነርሷ፣ የቢሮው ጥበቃ ሁሉ።

«በጾም ይሆናል»፣ «በጾም አይሆንም» የሚለውን መጻፍ ያስጀመሯት በሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ፊት ለፊቷ የሚኖሩት እትዬ ጌጤነሽ ናቸው። እሷ ጴንጤ ናት፤ ረቡዕም ዓርብም ያገኘችውን ትበላለች። እትዬ ጌጤነሽ ግን ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ አርባውን ዓመት እዚህ ኖረው አንድም ሁዳዴ አልሻሩም። ከቅዳሴ ተመልሰው በዘጠኝ ሰዓት ነው እህል የሚቀምሱት። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ድስት ማንሳት ስለማይችሉ ሸዋረገድ ከምትሠራበት ሠፈር የጾም ምግብ ታመጣላቸዋለች።

«አንቺ ጴንጤ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?» ይሏታል በሩን ገርበብ አድርገው።

«ለጴንጤ የማይሆን ነገር ነው የያዝኩት፣ እትዬ።»

በዚህ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ሸዋረገድ የጾም ምግብ ያላቸውን ቤቶች ዝርዝር አወጣች። ከሁሉ በላይ ያስቀመጠችው አሌክሳንድሪያ ዱክ ስትሪት ላይ፣ በልብስ ማጠቢያውና በስልክ ጠጋኙ መካከል ያለችውን «ሐመልማል» የምትባል ጠባብ ቤት ነው። ባለቤቷ ሳሌም የቤተ ክርስቲያኗ ልጅ ናት፣ ኳየር ውስጥ ትዘምራለች፤ ሥራዋን ለቅቃ ቤቱን ከከፈተች ሦስተኛ ወሯ ነው። ሸዋረገድ ግን ያስቀደመቻት በዝምድና አልነበረም። ሽሮው በእውነት አስደንግጧት ነው። «እንዲህ ያለ የጾም ሽሮ ቀምሼ አላውቅም» ብላ ጻፈች። በሳምንቱ ቤቱ በጿሚ ተሞላ። እትዬ ጌጤነሽም ከዚያ ወዲያ ሌላ አላማራቸውም፤ ማክሰኞም ሐሙስም «የዚያችን ልጅ ሽሮ» አሉ።

በጾሙ በአራተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ሸዋረገድ ከባሱ ስትወርድ ነፋሱ ፊቷን ገረፋት። ሳሌም በመስኮት አየቻት።

«እህት ሸዋ! ነይ ጓዳ ግቢ፤ ማሞቂያው የሚሠራው እዚያ ብቻ ነው።»

ገብታ ተቀመጠች። ጫማዋን በተረከዟ አወለቀች። ሳሌም እያወራች ከአንድ ትልቅ ብልቃጥ በማንኪያ ሙሉ ጨልፋ ድስቱ ውስጥ ጨመረች፣ ማንኪያውንም በድስቱ አፍ መታ መታ አደረገች።

«ያ ምንድን ነው፣ ሳሌም?»

«የቱ?»

«አሁን የጨመርሽው።»

«ቅቤ ነዋ። እማዬ ከሶዶ የላከችልኝ። ኮሰረቱ አይሸትሽም?»

«ድስቱ የምንድን ነው?»

«የሽሮ ነዋ። ያንቺው ሽሮ!» ብላ ሳቀች።

«የጾሙ?»

ሳሌም ማማሰሏን አቆመች። «ሥጋ እኮ የለበትም።»

«ሳሌም!»

«ምን ላድርግ? ፈረንጆቹ ቬጂቴሪያን ሲሉኝ ይህንኑ ነው የምሰጣቸው፣ ጣታቸውን ይልሳሉ። ኋላ አበሾቹ መጥተው የጾም አለሽ ወይ አሉ፤ አለ አልኩ። አራት ምድጃ ነው ያለኝ፤ ስንት ድስት ልጣድ? እኔ የወንጌላዊ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን ሁዳዴ መግባቱን የምናውቀው ሉካንዳው ሲዘጋ ነበር።»

«ቅቤ እንደማይበላ አታውቂም?»

«አውቃለሁ።» ድምጿ ዝቅ አለ። «እዚህ አገር ሆነው እንደዚያ የሚያጠብቁት አልመሰለኝም። አንቺስ? ቀምሰሽ አይደል የጻፍሽው? ያኔ አትነግሪኝም ነበር?»

የሸዋረገድ ምላስ ዓመቱን ሙሉ ሽሮን ከነቅቤው ነው የሚያውቀው። ያንን ጣዕም ሲያገኝ እቤቱ የገባ መስሎት ዝም አለ እንጂ ምን ብሎ ይጠርጥር? መጠየቅ ነበረባት፤ አልጠየቀችም። የገዛ ቤተ ክርስቲያኗ ልጅ «የጾም ነው» ስትላት ድስት ከፍቶ ማየት ነውር መስሏት።

«አትጻፊው፣ በጌታ» አለች ሳሌም። «ፋሲካ እኮ ሩቅ አይደለም፤ ያልፋል። በዚህ ጾም ካልቆምኩ አልቆምም፣ እህት ሸዋ። ወደ ድሮ ሥራዬም አይመልሱኝም።»

ለእትዬ ጌጤነሽ ሽሮ የምትቋጥርበትን ዕቃ አነሳች። ሸዋረገድ «ዛሬ ይቅር» አለቻት።

አመሻሹ ላይ ቤቷ ስትደርስ እትዬ ጌጤነሽ ኮሪደሩ ላይ ነበሩ።

«ዛሬ ባዶ እጅሽን?»

«አልቆባቸው ነው፣ እትዬ።» ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ አልከበዳትም፤ ከወጣ በኋላ ነው የከበዳት።

«ይሁን። ከባለፈው ሐሙስ የተረፈ ፍሪዘር ውስጥ አለኝ። ለነገ ይበቃኛል።»

ሸዋረገድ ቁልፉን በሩ ውስጥ ሰክታ ቆመች። አሁን ነው መናገር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ጀርባዋን አመማት። ብትነግራቸው ቁጭ ብላ ሁሉንም ማስረዳት ሊኖርባት ነው፤ ሳሌም ልትነሳ ነው፣ ዝርዝሩ ሊነሳ ነው።

«ደህና ይሁኑ፣ እትዬ» ብላ ገባች።

ፀደንያ ነገሩን ስትሰማ ከስልኳ ቀና አላለችም። «ማም፣ ፖስቱን ዲሊት አድርጊው በቃ። ማንም አያውቅም። ሲሪየስሊ።»

«እትዬ ጌጤነሽስ?»

«ምን ሼም አለው? አውቃ አይደለም የበላችው።»

«አንቺ! ‘የበሉት’ በይ።»

በማግስቱ ጀርመንታውን ስትሠራ ዋለች። በስምንት ሰዓት ተኩል ስልኳን አወጣች፤ አሁንም ይደረሳል፤ እትዬ ጌጤነሽ ገና አልቀመሱም። ሽማግሌው ልብሳቸው ረጠበባቸው፤ አስቀምጣ ሄደች። ቀይራቸው፣ አልጋውን ለውጣ፣ እጇን ታጥባ ስትመለስ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ይላል። ስልኩን መልሳ ኪሷ ከተተችው።

ሐሙስ ዱክ ስትሪት ሳትወርድ አለፈች። ምሳዋን ሳትበላ ውላ፣ አመሻሹ ላይ ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ የእትዬ ጌጤነሽን በር አንኳኳች። ቆማ ነገረቻቸው። እሳቸውም ተቀመጪ አላሏትም።

«መቼ ነው ያየሽው?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ ማታ ነው?»

«ቀን ነው፣ እትዬ።»

እትዬ ጌጤነሽ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መለሱ። «እንግዲያው ፍሪዘር ውስጥ አለኝ ስልሽ እያወቅሽ ነው።»

«አዎ።»

«ትናንት በላሁት እኮ፣ ሸዋ።»

«አውቃለሁ።»

«ሳላውቅ የበላሁትን ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ፤ ምናልባትም ይስቁብኛል። የትናንትናውን ግን ምን ብዬ ልንገራቸው? ጎረቤቴ እያወቀች አበላችኝ ልበል? አንቺ ስለማትጾሚ ቀሎሽ ነው።»

«አልቀለለኝም፣ እትዬ። ደክሞኝ ነው። ሳሌምን ሳስብ፣ እርስዎን ሳስብ፣ መናገሩ ራሱ ደከመኝ።»

«እኔም እኮ ደክሞኛል፤ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቃለሁ» አሉና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ቢያላትሙት ይሻላት ነበር።

ቤቷ ገብታ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጻፈች። «ዱክ ስትሪት ያለው የሐመልማል ሽሮ ቅቤ አለው። የጾም ነው ብዬ የነገርኳችሁ እኔ ነኝ። ስለማልጾም ምላሴ አልለየውም፤ ባለቤቷንም ቅቤ አለው ወይ ብዬ ሳልጠይቅ ጻፍኩ። ማክሰኞ አውቄ እስከ ዛሬ ሐሙስ ዝም ብያለሁ፤ በዚህ መካከል የበላችሁ በኔ ጥፋት ነው። ከጾም ዝርዝሩ አውጡት። ለማይጾም ሰው ግን አሁንም ጥሩ ሽሮ ነው።» የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ አጥፍታ ሁለት ጊዜ መለሰቻት። እውነት ስለሆነች ተወቻት።

ስልኳ ሲጮህ አደረ። አንዱ «እግዜር ይስጥሽ» አለ፤ አንዷ «ጴንጤ ስለ ጾም ምን አገባት ብዬ ነበር» አለች፤ ሁለት መቶ ያህሉ ቻናሉን ጥሎ ወጣ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳሌም በአጠገቧ አለፈች። ሰላም ሳትላት።

በቀጣዩ ማክሰኞ ሸዋረገድ ዱክ ስትሪት ወረደች። ለምን እንደሆነ ብትጠየቅ አታውቅም። በሩን ከፍታ ሳትገባ ቆመች። ቤቱ ባዶ ነው፤ አንድ ፈረንጅ ብቻ ጥግ ይዞ ይበላል።

«ወይ ግቢ ወይ ውጪ» አለች ሳሌም ከውስጥ። «ብርዱን አታስገቢብኝ።»

ገባች። ሳሌም ዓይኗ አብጧል። ሳትናገር ወደ ምድጃው ጠቆመቻት፤ ሁለት የሽሮ ድስት ተጥዷል። ቀይ ወጡን አንስታ ነው ቦታ ያገኘችው።

«ያ በቅቤ፣ ይሄ በዘይት። ቅመሽና ጻፊ እንግዲህ።»

«አልቀምስም። እኔ ቀምሼ አይደል እዚህ የደረስነው?»

«ታዲያ ማን ይቅመስልኝ?»

ሸዋረገድ ስልኳን አወጣች። ከሐሙስ ወዲህ የእትዬ ጌጤነሽን በር አላንኳኳችም። ብዙ ጠራ። ልትዘጋው ስትል ተነሳ።

«አለሁ» አሉ እትዬ ጌጤነሽ።

«ሳሌም ጋ ነኝ፣ እትዬ። ስፒከር ላይ ነዎት። የጾሙን ድስት ለይታለች።»

«ልጅቷ ትሰማኛለች?»

«እሰማለሁ፣ እማማ። ይቅርታ፣ እማማ።»

«ድስቱ አዲስ ነው?»

«አዲስ ነው። ትናንት ነው የገዛሁት።»

«ዘይቱስ፣ ሌላ ነገር የተጠበሰበት አይደለም?»

«አይደለም። አሁን ነው የከፈትኩት።»

«ማማሰያውስ?»

ሳሌም እጇ ላይ ያለውን ማማሰያ አየችው። ከቅቤው ድስት አውጥታ በዘይቱ ድስት ልትከት ነበር፤ ምናልባትም ከትታለች።

«ሸዋ፣ ምን ሆነች?»

«ማማሰያውን እያየችው ነው፣ እትዬ።»

ከወዲያ በኩል ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየለት ነገር ተሰማ። «እንግዲያው ይህን ለፈረንጆቹ አብሉት። ማማሰያ ስትገዛ ንገሩኝ፤ ከሕማማት በፊት ይሁን። አንቺም ሸዋ፣ ስትመጪ በሩን አንኳኪ።»

ሳሌም ማማሰያውን ሳህን ላይ አስቀመጠችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሸዋረገድ ጫማዋን አውልቃ ከቅቤው ድስት በላች፣ ትኩስ ነበር፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቷታል። ከመነሳቷ በፊት ስልኳ ላይ ጻፈች፦ «ዱክ ስትሪት፣ ሐመልማል። የጾም ድስት ተለይቷል። ማማሰያ እየተጠበቀ ነው፤ ገና አትሂዱ።»

ለሳሌም አሳየቻት። ሳሌም አነበበችው፣ እንደገና አነበበችው።

«‘ገና’ ነው ያልሽው፣ አይደል?»

«ገና ነው ያልኩት።»

«እሺ፣ ላኪው» አለች። ሸዋረገድ ላከችውና ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈለገች።