ድስቱ እስኪከደን

ባሌ ድስት ተከፍቶ ማየት አይወድም። ምግብ ይጠላል ማለቴ አይደለም፤ ሆዱንስ ይወዳል። ግን ክዳን ባነሳሁ ቁጥር ከኋላዬ ይደርስና “ጉትቻሽ ጠብቋል?” ይለኛል። ሰዓቴን ያያል፣ ኪሴን ያያል። ፓልምስ በሚባለው ሰፈር ባለችው ጠባብ ኩሽናችን ሽሮ የሚማሰለው ከፍተሻ በኋላ ነው። እንግዳ ቢኖርም አይተውም፤ እኔም አፍሬ አፍሬ ሲደክመኝ ተውኩት።

አመሉ ከሥራው የመጣ ነው። ከስቴት ስቴት እየዞረ በኑክሌር ኃይል ማመንጫዎች ውስጥ ስቲም ጄኔሬተር የሚባለውን ይፈትሻል፣ ይጠግናል። እኔን ለማስረዳት ዓመታት ፈጅቶበታል፤ እናንተን ግን አላለፋችሁም። ፎቅ የሚያህል የብረት ጋን ነው። ሆዱ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። በቱቦዎቹ ውስጥ ከኑክሌር ማብላያው የመጣ የጋለ ውሃ ያልፋል፤ ከቱቦዎቹ ውጭ ያለው ሌላ ውሃ በዚያ ሙቀት ይፈላና እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። ሁለቱ ውሃዎች መነካካት የለባቸውም። አንድ ቱቦ ሲሳሳ አፉን ይደፍኑታል። የተደፈነው ሲበዛ ደግሞ ጋኑ እንዳለ ተነቅሎ ይወጣና አዲስ ይተከላል።

ጋኑ በተከፈተ ጊዜ የሚፈራው የሚወድቅ ዕቃ ነው። ብሎን ይሁን ቀለበት፣ ውስጥ ከቀረ ውሃው እያላጋ ከቱቦ ጋር ሲያፋጨው ይከርምና ይበሳዋል። ስለዚህ ክፍት ጋን አጠገብ የሚቆም ሰው በጣቱም ሆነ ባንገቱ ምንም ነገር አያደርግም።

አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት። እሳቸው ጋኑን “ድስት” ነው የሚሉት። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የልጃቸውን ሥራ ለጠየቀ ሁሉ “ድስት ያጥባል” ይላሉ።

“እማዬ፣ ኧረ ቴክኒሻን ነው በዪ!” ይላል ባሌ።

“ቆሻሻውን በውሃ ታጥበዋለህ አላልከኝም?”

“አዎ፣ እሱ አንዱ ሥራ ነው፣ ግን…”

“እና ምን አጠፋሁ?”

የባሌን ማተብ የሚያስሩት እሳቸው ናቸው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ፀጉሩ ከግንባሩ የሸሸ ሰውዬ ወንበር ላይ ቁጭ ይላል፤ እሳቸው ራሳቸው የገመዱትን ጥቁር ክር አንገቱ ላይ ጥብቅ አድርገው በራሳቸው ቋጠሮ ይቋጥራሉ። ክሩ ሲያረጅ መጀመሪያ አዲሱን ያስራሉ፣ ከዚያ አሮጌውን ይቆርጣሉ። አንገቱን ለአፍታም ባዶ አድርገውት አያውቁም። ማተቡን የበጠሰ ሰው በኛ ዘንድ ምን እንደሚባል የታወቀ ነው፤ ሃይማኖቱን የካደ፣ እምነት የማይጣልበት ነው። አማቴም ልጃቸው በሰው አገር ሲለዋወጥ ሁሉንም ችለው ያለፉት ያ ክር አንገቱ ላይ ስላለ ነበር።

ለብዙ ጊዜ ማተቡ ለሥራው አላስቸገረም። ባሌ ከጋኑ ራቅ ብሎ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ፣ ቱቦ የምትፈትሽ ሮቦት ነበር የሚነዳው። ኋላ ግን አሮጌ ጋኖችን ነቅሎ አዲስ ለሚተክል ቡድን ተመረጠና ለሥልጠና ሄደ። ከዚያ ደወለልኝ።

“ቆረጥኩት” አለኝ።

“ምኑን?”

“ማተቤን። ቴፕ ላድርግበት ብዬ ለመንኳቸው፣ ኖ አሉኝ። ሩል ነው። በአናቴ እንዳላወጣው ደግሞ ጠባብ ነው። ሶ… በመቀስ። እማዬ ካየች ካደ ነው የምትለው።”

ሲመለስ ቤት ከመግባቱ በፊት የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ፌርፋክስ ወርዶ፣ ነጠላና የጸሎት መጽሐፍ ከሚሸጥ ሱቅ ጥቁር ክር ገዛ። ጫፍና ጫፉ ላይ የሐብል መቆለፊያ ሰፋበትና ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቆ አሳየኝ። እንዲህ ኮርቶ አይቼው አላውቅም። ሲፈልግ ያወልቀዋል፣ ሲፈልግ ያደርገዋል። ከፊት ማተብ፣ ከኋላ ሐብል። የእናትህ ዓይን ነው እንጂ የደከመው ጣታቸው ደህና ነው ብዬ ነገርኩት። እሱ ግን ሸሚዙን በዚያ ሙቀት እስከ አንገቱ ቆልፎ መዞር ጀመረ።

እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ፌርፋክስ ምሳ ልንበላ ሄድን። ጾም ስለነበረ ሽሮ አዘዝን፤ በሸክላ ድስት እየተንተከተከ መጣ። ባሌ እንደ ልማዱ የአስተናጋጇን አምባር በዓይኑ ፈተሸ። ከዚያ አንገትጌው አላስበላ ሲለው ቁልፉን ፈታና እናቱን ሊያጎርስ በገበታው ላይ ዘንበል አለ። ያቺ የተኮራባት መቆለፊያ ለቀቀች። ማተቡ በደረቱ ተንሸራትቶ ሽሮው ውስጥ ገባ።

“ስቶፕ! ማንም እንዳይነካ!” ብሎ ሁለት እጁን አነሳ። ሥራ ቦታ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ቤቱ በሙሉ መብላት አቆመ። አጠገባችን የተቀመጡ ሰውዬ ሹካቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም።

አማቴ አልሳቁም። ማተቡን በሹካ አወጡት፣ በሶፍት ጠረጉት፣ በጣታቸው እየዳሰሱ ሄደው መቆለፊያው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

“ይሄ የኔ ቋጠሮ አይደለም” አሉ። ቀና ብለው የልጃቸውን ባዶ አንገት አዩት። ዓይናቸው ዕንባ ሞላ። “ማተብህን በጠስክ?”

ሳቄ ደረቀ። ባሌ ሽሮውን እያሳየ፣ ቋንቋ እየደባለቀ ስለ ቱቦዎቹ፣ ስለሚወድቀው ዕቃ፣ ስለ ሩሉ ለፈለፈ። በመጨረሻ ከቦርሳው ሶፍት አወጣና ፈታው። የተቆረጠው ማተብ ቋጠሮው ሳይፈታ ውስጡ አለ። ለካ አብሮት ነበር የሚዞረው።

አማቴ ቋጠሮውን ነካ ነካ አደረጉት።

“እና ድስቱ ውስጥ እንዳይወድቅ ነው?”

“አዎ፣ እማዬ።”

“አንተ ጅል! ታዲያ ንገረኝ አይባልም? አስረዝሜ አስርልህ ነበር እኮ።”

ቤት እንደገባን ክር ገመዱና በአናት የሚጠልቅ ረዥም ማተብ ሠሩለት። ሥርዓትም አወጡ። ሥራ ሲሄድ ማተቡን ለሳቸው ይሰጣል፤ እስኪመለስ እሳቸው አንገት ላይ ይቆያል። ክሩ አንገት እስካላጣ ድረስ ልጃቸውም ማተብ እንዳሰረ ነው የሚቆጠረው ብለው ወሰኑ። ቄስ አላማከሩም፤ አማቴ በልጃቸው ጉዳይ ብዙ ሰው አያማክሩም።

የመትከሉ ሥራ ሲደርስ በርባንክ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘነው። በር ላይ ጎንበስ አለ፤ አማቴ ማተቡን ከአንገቱ አውጥተው በራሳቸው ማተብ ላይ ደርበው አጠለቁት። ከዚያ በኋላ ስልክ በደወለ ቁጥር ጥያቄያቸው አንድ ነበር። “ተከደነ?” አሮጌው ተቆርጦ ሲወጣ፣ አዲሱ በክሬን ሲገባ፣ ሲበየድ ሁሉንም ሰሙ፤ ለሳቸው ግን ካልተከደነ ምንም አልተሠራም። ፋሲካንም ልጃቸው ሳይኖር፣ ሁለት ማተብ እንዳጠለቁ ፈሰኩ። አንድ ቀን “ተከደነ፣ እማዬ” ሲላቸው ኩሽና ውስጥ እልል አሉ።

አምና አማቴ ታመሙ። ከልባቸው ቫልቮች አንዱ ደክሞ ኖሮ በአዲስ ይተካ ተባለ። ባሌ የሰውን ሁሉ የብረት ጋን ሲቀይር ኖሮ ያን ዕለት ፎርሙ ላይ የራሱን ስም መጻፍ አቃተው። ነርሷ መጥታ ያንገታቸውንም የጣታቸውንም እንዲያወልቁ ነገረችን። እንዴት አድርገን እንደምንነግራቸው ጨንቆን እርስ በርስ ተያየን።

እሳቸው እጃቸውን አነሱና የራሳቸውን ማተብ በአናታቸው በኩል መዘው አወጡት። መቼ እንዳስረዘሙት አላየንም።

“ና፣ ጎንበስ በል” አሉት። አንገቱ ላይ አጠለቁለት። “እስኪከድኑኝ ያዝልኝ።”

ባሌ ሁለት ማተብ አንገቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። አልበላም፣ አልጠጣም። ሐኪሟ ወጥታ ሥራው በደንብ እንዳለቀ ስትነግረን ከማመስገኑ በፊት “ዕቃችሁን ሁሉ ቆጥራችኋል?” ብሎ ጠየቃት። ቆጥረናል አለችው። ያኔ ነው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ያለቀሰው።

አማቴ ሲነቁ ገና መናገር አይችሉም ነበር። እጃቸው ብቻ ቀስ እያለ ወደ አንገታቸው ሄደ።

“ተከድኗል፣ እማዬ” አላቸው። ዕንባው እየጋረደው ከሁለቱ አንዱን አውጥቶ አጠለቀላቸው። ቤት ከገባን በኋላ ስናይ ያጠለቀላቸው የራሱን ነው፤ የሳቸው እሱ አንገት ላይ ቀርቷል። ሊመልስላቸው ሲያወልቅ እጁን ያዙት።

“ተወው” አሉት። “እዚያው ይሁን።”