የደንገሉ ልክ

ዛሬ ጠዋት አንዲት ተማሪዬ ለቀለበት የእህቷን ጣት በእርጥብ የደንገል ልጥ ለክታ አመጣችልኝ። "ጣይው!" ብዬ ጮህሁባት። ልጅቱ ደነገጠች፤ እኔም ደነገጥሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማስተምረው እጄ ሥራ ፈቶ እንዳይደነዝዝ እንጂ የሰው ልጅ ለመቆጣት አልነበረም።

በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ባሕር ዳር የብር ሥራ ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት፣ ጥላዬ የሚባል የዘጌ ልጅ ተማሪዬ ነበር። በዕድሜ እምብዛም ባንበላለጥም አንቱ ይለኝ ነበር። ለእጮኛው ለየሺ ከአያቱ ጠገራ ብር የጋብቻ ቀለበት ሠራ። ጣቷን የለካው ግን ከሐይቁ ዳር በነጨው ደንገል ነው። ልጡ ኪሱ ውስጥ ሲደርቅ አጠረ፤ ቀለበቱም ከአንጓዋ አላልፍ አለ። የሺ ሆዷን ይዛ ሳቀች አሉ።

ሊያሰፋው ተመልሶ መጣ። ታኅሣሥ ነው፤ የሐይቁ ንፋስ ከደጅ የዓሣ ጥብስ ሽታ ያስገባል።

"ታንኳው ሳያመልጥህ ሂድ፤ እኔ አሰፋዋለሁ" አልሁት።

"የለም መምህር፣ ያጠበብሁትን ራሴ ላስፋው" አለኝ።

ቀለበቱ ፍም ውስጥ እንደቀላ የቀበሌ ታጣቂዎች ገቡ። የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ነበር። "ሙሽራ ነው፤ ሰርጉ ለጥር ነው" ብዬ ለመንሁ። አለቃቸው፣ "ጓድ መምህር፣ አንተም ገና ወጣት ነህ፤ ዝም ብትል ይሻልሃል" አለኝ። እንደዚያ ቀን አቅም ያጣሁበት ጊዜ የለም። ጥላዬ ግራና ቀኝ ተይዞ ሲወጣ ዞር ብሎ፣ "መምህር፣ ብሩ እንዳይቀልጥ ይዩልኝ" አለ። የቻልሁት እሱን ብቻ ነው። ቀለበቱን ከፍሙ አውጥቼ ውኃ ውስጥ ስጨምረው ቸስ አለ፤ እሱን የጫነው መኪናም ከደጅ ተነሣ።

አስፍቼ ዘጌ ድረስ ወሰድሁላት። የሺ ከቡና ለቀማ ተጠርታ መጣች። ቀለበቱን አይታ እጇን ወደኋላ ሸሸገች።

"እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ። እሱ ራሱ ያድርግልኝ" አለች።

"አይዞሽ" አልኋት። ደርግ ወደቀ፤ ወታደሩም እየተንጠባጠበ ወዳገሩ ገባ። ጥላዬ አልመጣም። እሷም ልትወስደው አልመጣች። ብር ሲቀመጥ ይጠቁራልና በየክረምቱ አውጥቼ እወለውለዋለሁ።

ተማሪዬ ደንገሉን ከመሬት አነሣች። "ጋሼ፣ ምን አለበት? ቢጠብ ይሰፋ የለ?"

"ይሰፋል" አልኋት። የጣት መለኪያ ክር ላወጣላት መሳቢያዬን ስስብ ቀለበቱ ከጥግ ተንከባለለ። በደንብ ሰፍቷል። ያኔ ለነበረችው የሺ ልክ ነው።