እማዬ ጠበል ሄዳለች

ውጭ አገር መደወል የሚከብድ ነገር አይደለም። ሁለት ዜሮ ይመታል፣ የአገሩ ቁጥር ይከተላል፣ ከዚያ የሰውየው ቁጥር፣ ፊት ያለችዋ ዜሮ ተጥላ። አለቀ። ይህችን የምታህል ነገር የሚችል ግን ከቤተሰባችን ከእኔ በቀር ጠፋ። አክስቴ ዜሮዋን መጣል የሚያሳዝናት ይመስል ሁልጊዜ ትመታታለች፤ መስመሩ ላይ ያለችው ሴትዮ "የደወሉት ቁጥር ትክክል አይደለም" ስትላት ደግሞ "አንቺን ማን ጠየቀሽ!" ብላ ትቆጣታለች። አጎቴ መነጽራቸውን ሲፈልጉ ቀኑ ይመሻል። ስለዚህ ደዋይዋ እኔ ሆንኩ። ምነው እኔም ያኔ እንደነሱ ባላወቅኩበት!

ታናሽ እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ማዳሟ ስልኳን መሳቢያ ውስጥ ትቆልፍባታለች፤ የኢንተርኔቱን ነገርማ አታንሱት። ዓርብ ከሰዓት፣ ማዳም እናቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ብቻ፣ ያችን ተራ ስልኳን ታገኛለች። እኛም ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካርድ ሞልተን፣ አቃቂ ወንዙ አጠገብ ባለችው ቤታችን፣ ሽታው እንዳይገባ መስኮቱን ዘግተን እንደውላለን። እናቴ አጠገቤ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ትስላለች፣ ሳሏ እስኪበርድ እንጠብቃለን፣ ከዚያ "ጩጬዬ" ትላታለች። ሃያ ስድስት ዓመት የሞላትን ሴት፣ ጩጬዬ!

እናቴ በሁዳዴ፣ ማክሰኞ ጠዋት ሞተች። ያው ሳሉ ነው የወሰዳት። ዓርብ ሲደርስ ድንኳኑ ገና አልፈረሰም ነበር። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

"መርዶ በስልክ አይነገርም" አሉ።

ይህንን ማን ያጣዋል? እኛ ዘንድ መርዶ ሲነገር ዘመድ ጎረቤት ንጋት ላይ ድምፁን አጥፍቶ ደጅ ይሰበሰባል፤ ጠንከር ያሉት ግራና ቀኝ ይይዛሉ፤ ከዚያ ነው አፍ የሚከፈተው። አክስቴ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ "እዚያ ማን ይይዛታል? ከፎቅ ብትወረወርስ?" አለችኝ። የእህቴ ኮንትራት ሊያልቅ አራት ወር ቀርቶታል፤ ትመጣለች፣ በልታ ተኝታ ታድራለች፣ ሲነጋ ተሰብስበን እንነግራታለን። ተወሰነ። "አንቺ ብቻ ደውለሽ ደህና ነን በያት" አሉኝ። ብቻ!

ከድንኳኑ ጀርባ፣ ውሃ ማጠራቀሚያው ሥር ቆሜ ደወልኩ።

"እማዬን አገናኚኝ" አለች ገና እንዳነሳችው።

"ጠበል ሄዳለች። እዚያ ደግሞ ኔትወርክ የለም።"

"ጎሽ! ይሻላታል። ቆይ፣ ምንድነው የሚጮኸው?"

ድንኳን ውስጥ ከሳሪስ አቦ የመጡ ዘመዶች ገና መግባታቸው ነው፤ ለቅሶው ደርቷል። "ሰርግ ነው" አልኳት።

"በሁዳዴ?"

እግዜር ያሳያችሁ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ "የባለሱቁ ወንድም ነው ያገባው። እነሱ ሙስሊም አይደሉ እንዴ?" አልኳት። ደስ አላት። "እንኳን ደስ ያላችሁ ብላለች በያቸው" አለችኝ። ከስልጤ የመጡት ባለሱቅ ወንድም የላቸውም። ደግሞም ሱቃቸውን ዘግተው ከማክሰኞ ጀምሮ እኛን ሲያስተዛዝኑ እዚያው ድንኳናችን ውስጥ ተቀምጠዋል። ገብቼ አጠገባቸው ስቀመጥ "አይዞሽ ልጄ" አሉኝ። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ዓርብ በመጣ ቁጥር ስዋሽ ከረምኩ። እናቴ አንዴ ጠበል፣ አንዴ ሳሪስ ገበያ፣ አንዴ አሁን ገና ሸለብ አድርጓት። የሞተች ሰው እንደሷ ስትዞር አይቼ አላውቅም! የሚያስጠላው ደግሞ እየተካንኩበት መምጣቴ ነው። ድሮ ስዋሽ የሚንቀጠቀጠው ድምፄ ጭራሽ ቀጥ አለ። ስልኩን ዘግቼ ምሳዬን እበላለሁ። ሲያስቡት አይቀፍም?

ሰኔ ላይ እህቴ እንዲህ አለችኝ። "ማዳም ሁለት ዓመት ላድስልሽ እያለች ነው። የሚቀጥለው ዓርብ ቁርጤን ልነግራት ነው። ከእማዬ አፍ ሳልሰማ አልወስንም። ነይ ካለችኝ እመጣለሁ፣ ቆዪ ካለችኝ እቆያለሁ። ጠበል ውስጥም ብትሆን አውጥተሽ አገናኚኝ።"

ለአክስቴና ለአጎቴ ነገርኳቸው። እዚህ ላይ ስለ አክስቴ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እናቴን ስታስመስል የሚያክላት የለም። ሰርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ተነስታ እንደ እናቴ ስታወራ እናቴ ራሷ እንባዋ እስኪፈስ ትስቅ ነበር።

"እኔ አናግራታለሁ" አለች አክስቴ።

"ነውር ነው!" አልኩ። "እማዬ አፈር ውስጥ ናት እኮ!"

"ለአንድ ጊዜ ነው" አሉ አጎቴ፣ መሬት መሬት እያዩ። "ነይ ትበላት፣ በቃ። ልጅቷ ትግባ እንጂ።"

ያን ቀን ያችን ዜሮ ሳልጥል መታሁ ማለት እችል ነበር። ተሳሳተብኝ፣ መስመር የለም ማለት እችል ነበር። አስተካክዬ ደወልኩ፤ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈትኩት።

አክስቴ እናቴ የምትቀመጥበት መደብ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ሳለች። ወይኔ ያቺ ሳል! ሁለት ዓመት ያላስተኛችን፣ እናቴን የገደለች፣ ራሷ መጥታ ቤቱ ውስጥ የገባች መሰለኝ። ምራቋ ስልኬ ላይ ተፈናጠረ።

"ጩጬዬ" አለች።

"እማዬ! የት ጠፋሽ! ሳሉ አልተሻለሽም እንዴ?"

"ተሽሎኛል ልጄ። ጠበሉ ጥሩ ነው።"

እህቴ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። "በይ ንገሪኝ እማ። ልምጣ ወይስ ልቆይ?"

አክስቴ አየችኝ። በከንፈሬ "ነይ በያት፣ ነይ" አልኩ። አጎቴም በእጃቸው ወደ ራሳቸው ጠሩ፣ ነይ እንደማለት። አክስቴ አፏን ከፈተች።

"ቆዪ ልጄ" አለች። "እኔ ደህና ነኝ። ሥራሽን ሥሪ።"

"እሺ። በይ መርቂኝ።"

መረቀቻት። ቸኩላ መስሏችሁ! አሳምራ፣ እጇን ዘርግታ ነው። ከክፉ ይሰውርሽ፣ የሰው ፊት አያሳይሽ፣ ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ። በየመሐሉ ከማዶ "አሜን፣ አሜን" ይሰማል።

ስልኩ እንደተዘጋ "ምን ነካሽ አንቺ?" ብዬ ጮኽኩባት። "ነይ ልል ነበር" አለች እየተንሰቀሰቀች። "መጥታ ባዶውን አልጋ ስታይ ታየኝ። አቃተኝ።" ስልኩን ቀምቻት ወጣሁ። በሳሙና በተነከረ ጨርቅ ፈተግኩት፣ ደግሜ ፈተግኩት። ግን የእሷን ብቻ ብናገር የባሰ ውሸታም እሆናለሁ። እዚያ ቆሜ፣ የወንዙ ግማት አፍንጫዬ ውስጥ እየገባ፣ እፎይ ብያለሁ። ሁለት ዓመት መርዶ ነጋሪ አልሆንም ብዬ። ከአክስቴ ሳል ይልቅ እስከዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ ያ እፎይታ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ የወንዙን ዳር ቤት ለቅቄ አክስቴን ይዤ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገባሁ። እህቴ አንዴ ያንን ድምፅ ሰምታለችና እንደገና መጠየቅ ጀመረች። ጥቅምት ላይ አንድ ዓርብ፣ ካርድ ሞልቼ ስመለስ ከበር ውጭ ሳል ሰማሁ። ከፈትኩ። አክስቴ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብላ ትስላለች። ታቆምና ታዳምጣለች፤ አልጥም ሲላት እንደገና፣ አወፍራ። እየተለማመደች ነበር።

እዚያው ቆሜ ደወልኩ። ሁለቱን ዜሮ መታሁ፣ የአገሩን ቁጥር መታሁ፣ አንዷን ዜሮ ጣልኩ።

"እማዬ ሞታለች" አልኩ። ሰላምታም የለም፣ ምንም የለም።

በጣም በቀጭን ድምፅ "መቼ?"

"በሁዳዴ።"

ስትቆጥር ይሰማኛል። "ሰኔ ላይ አነጋግሬያታለሁ እኮ" አለች። "ታዲያ የመረቀኝ ማነው?"

"አክስቴ ናት።"

ስድቡን ጠበቅኩ። ስድቡ ይገባናል፤ እንዲያውም ፈልጌው ነበር። አልተሳደበችም።

"አጠገብሽ ናት?"

"አዎ።"

"ስጫት።"

አክስቴ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። እህቴ "አክስቴ" አለቻት፤ "በሞቴ፣ እንደ እማዬ አድርገሽ አንድ ጊዜ ጥሪኝ።"

አክስቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አመጣች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ሞከረች። "ጩጬዬ" አለች። የወጣው የራሷ ድምፅ ነው። ደገመችው፤ አሁንም የራሷ ነው።

ያኔ እህቴ ጮኸች። አክስቴ ተዝለፈለፈች፤ ደግፌ ወለሉ ላይ አስቀመጥኳት። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች በሩን ከፍተው ገቡ፤ እሷን በግራ፣ እኔን በቀኝ ያዙን፣ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" እያሉ። ስልኩ ወለሉ ላይ ወድቋል፣ አልተዘጋም። እህቴ ውስጡ ሆና ትጮኻለች፤ አጠገቧ የሌላ ሰው ድምፅ አይሰማም።