መስኮት ላይ የሚቀመጥ ስልክ

እኔ ጠዋት ላይ ሰው ሲያወራኝ አልወድም። ባሌ እንኳ ያውቃል፤ ሻዬን ሳልጨርስ ትንፍሽ አይልም። አንድ ቱርካዊ ሽማግሌ ይህን አመሌን እንዴት እንዳስተዉኝ እስካሁን ይገርመኛል።

እኔና ሽማግሌው የምንሠራው አሜሪካ፣ ኮንየርስ ከተማ ካለ አንድ ዌርሃውስ ነው፤ ካርቶን እናሽጋለን። የምንኖረው ዱሉዝ፣ አንድ አፓርታማ ግቢ ውስጥ ነው። እሳቸው መኪና ስለሌላቸው ራይድ እሰጣቸዋለሁ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው በቋንቋቸው «ልጄ» ይሉኛል፤ የቀረውን በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንወጣዋለን።

ገና ሊነጋጋ ሲል ከቤት ስንወጣ በእሳቸው አገር ቀትር ሊሆን ነው። በዚያ ሰዓት የትንሿ ከተማቸው ማዘጋጃ ቤት በድምፅ ማጉያ ይለፍፋል። በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል አሉ። ውሃ ሲቋረጥ፣ ማዳበሪያ ሲመጣ፣ ከብት ሲጠፋ፣ ሰው ሲሞት፣ ሁሉም የሚሰማው ከዚያ ነው። እህታቸው ታዲያ በየቀኑ ይደውሉና ስልኩን መስኮቱ ላይ ያስቀምጡታል። ጋሼ መኪና ውስጥ ስፒከሩን ከፍተው ያዳምጣሉ፣ ለእኔም ይተረጉሙልኛል። የላይኛው ሰፈር ዛሬ ውሃ የለውም። አንዲት ጊደር ጠፍታለች፣ ያየ ሰው ሻይ ቤቱ ጋ ይናገር። መጀመሪያ «እኔ ምን አገባኝ!» እል ነበር። በኋላ ግን ጊደሯ መገኘቷን ሳልሰማ ሥራ መግባት አቃተኝ። ተገኘች ደግሞ፤ ወንዝ ዳር የሰው ማሳ ስታወድም!

በዚህ ዓይነት ያላየሁትን አገር ለመድኩት። በረዶው ቶሎ የማይለቅ ተራራ አለ፤ ከሥሩ ወንዝ፣ ወንዙን ይዞ ኮክ መሳይ ፍሬ ያለው የአፕሪኮት ዛፍ። ማክሰኞ ገበያ ነው። ላይኛው ሰፈር ያሉትን የድንጋይ ቤቶች የሠሯቸው ግሪኮች ናቸው። ድሮ የቱርክና የግሪክ መንግሥታት ሕዝብ ሲለዋወጡ እነዚያን ወደ ግሪክ ወሰዷቸው፣ የጋሼን አያቶች ደግሞ ከግሪክ አምጥተው በእነዚያ ቤቶች አስገቧቸው። ቤተ ክርስቲያኑ የጭድ ማስቀመጫ ሆነ።

«የቤታችን በር ላይ የእነሱ መስቀል እስካሁን አለ፤ እናቴ ሁልጊዜ በጨርቅ ትወለውለው ነበር። አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት ከግሪክ መጥታ፣ በሩን ዳብሳ፣ አልቅሳ ተመለሰች» አሉኝ።

አሁን ወጣቱ ሁሉ ወደ ትልልቅ ከተማ ሄዶ አልቋል፤ ድምፅ ማጉያውም ከጠፋ ከብት ይልቅ የሞተ ሰው መጥራት አብዝቷል። ሰው ሲሞት የሟቹ ስም፣ የወላጆቹ፣ የልጆቹና የወንድም እህቶቹ ስም አብሮ ይጠራል። የሰማ ሁሉ ዶማውንም ሻዩንም አስቀምጦ ባለበት ይቆማል።

ጋሼ የኢሚግሬሽን ወረቀታቸው ስላላለቀ ከአሜሪካ መውጣት አይችሉም። እህታቸው ደግሞ የልብ ሕመም አለባቸው። «አንድ ቀን የእሷን ስም ይጠራል። እዚያ መገኘት ባልችልም ሲጠራ ቆሜ መስማት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ በጠዋቱ አያሟርቱ!» ብዬ ተቆጣኋቸው።

ባለፈው ሰኔ አንድ ጠዋት ልወጣ ስል ስልኬ ጮኸ። የእህታቸው ልጅ ናት፤ እዚያው ከተማቸው እንግሊዝኛ ታስተምራለች። የአጎቷ ስልክ ሲዘጋ እኔ ጋ ትደውል ነበር። እናቷ ሌሊት አርፈዋል።

«አሁን ይለፈፋል፣ ከሶላት በኋላ ይቀበራሉ። ለአጎቴ መንገር አቃተኝ። እኔ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ አንቺ አብረሽው ሁኚ» አለችኝ እያለቀሰች።

ባሌ ሰምቷል። «አብደሻል እንዴ? መርዶ በስልክ፣ መኪና ውስጥ? ሥራ ይዋሉ፣ እህል ይቅመሱ። ቅዳሜ ከመስጊዳቸው ሽማግሌ ይዘን ቤታቸው ሄደን እንነግራቸዋለን።»

ወጋችን ነው፣ አላጣሁትም። የአባቴን መርዶ እኔም የሰማሁት እንዲያ ነው፤ በጠዋት ቤቴ በሰው ተሞልቶ፣ አባቴ ከተቀበረ ከሳምንት በኋላ። ለእኔ አስበው ነው። ግን እሱ አፈር ከገባ በኋላ ሳምንት ሙሉ እየሳቅኩ መዋሌን ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። «የእሳቸው አገር ወግ ሌላ ነው» አልኩትና ወጣሁ።

ጋሼ መኪና ውስጥ ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩ። «ዛሬ ዝም አልሽ» አሉኝ።

«ጠዋት አይደል» አልኩ።

ሃይዌይ ሳንገባ ስልካቸው ጮኸ። አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ጥምዝዝ ብዬ ገብቼ ፓርክ አደረግኩ።

«ለምን ቆምሽ?»

«ጋሼ፣ ይውረዱ። ቆመው ይስሙ።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገኝም። ወረዱ፣ ኮፍያቸውን አወለቁና ስፒከሩን ከፍተው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። እኔም ወርጄ ክንዳቸውን ያዝኩ። ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ፤ የለመድኩት የሰውዬው ዝግ ያለ ድምፅ መጣ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው መተርጎም ጀመሩ።

«የእገሌ ልጅ» አሉ። የአባታቸው ስም ነው። «የእገሌ ሚስት። የእገሊት እናት...»

ሰውዬው አንድ ስም ጨመረ። ያንን እኔም አውቀዋለሁ፤ የራሳቸው የጋሼ ስም ነው። ትርጉሙ ቆመ። እኔ አላስቻለኝም፣ ነዳጅ የሚቀዳው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ድምፄን ለቅቄ አለቀስኩ። እሳቸው ግን ድምፅ ማጉያው ዝም ካለ በኋላም ቀጥ ብለው እንደቆሙ ናቸው።

«ሰውዬው ምን አለ፣ ጋሼ?»

«አሜሪካ ያለው ወንድሟ ብሎ ጠራኝ» አሉ፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደያዙ። «አሁን እኮ እዚያ የቆመው ሁሉ ዞር ዞር እያለ እየፈለገኝ ነው።»