ቀይ ቀለም የተቀቡት ዛፎች

መቲ ከተማ አስተማሪ ነኝ፤ ብስክሌት ደግሞ ነፍሴ ነው። ጋምቤላ ያሉ ሁለት ጓደኞቼ «መኪና የማይደርስበት መንገድ አሳየን» ሲሉኝ ጫካው ውስጥ ያለችውን የእግር መንገድ መረጥኩላቸው። ጥላ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ጥሩምባ የለም። እኔ ብልጡ፣ እንዳንጠፋ ብዬ ቀድሜ ሄድኩና በየመገንጠያው ያሉትን ዛፎች ሁሉ ቀይ ቀለም ቀባሁ። በተረፈው ቀለም የብስክሌቴን ጭቃ መከላከያ አሳመርኩበት።

ከሳምንታት በኋላ ሦስታችን ገባን። ምልክት ባደረግኩበት የመጀመሪያው ዛፍ ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። ሁለተኛውም ላይ። ሦስተኛው ጋ ስንደርስ ንቦቹ መጡብን። ጓደኞቼ ብስክሌታቸውን ጥለው ወደ ኋላ ፈረጠጡ። እኔ በብስክሌቴ ወደ ፊት ስሸሽ፣ ገመድ ትከሻቸው ላይ ጣል ካደረጉ አንድ የመዠንግር ሽማግሌ ጋር ከመጋጨት ለጥቂት ተረፍኩ።

«አባባ፣ ይሄን ሁሉ ቀፎ ማን ሰቀለው?»

«እኛ ነን» አሉኝ። «አንድ ሰው መጥቶ ዛፋችንን ቀይ ቀባ። ቀይ የተቀባ ዛፍ ይቆረጣል። ቀፎ ያለበትን ግን ማንም አይነካም።»

ክው አልኩ። «ሰውየውን ብታገኙትስ?»

«አንድ ዛፍ ቀርቶናል፤ በጣም ረጅሙ። እሱ ወጥቶ ይሰቅላል።»

ይህን ብለው ጎንበስ አሉና ጭቃ መከላከያዬን በጣታቸው ፈተግ ፈተግ አደረጉት። ከዚያ ገመዱን ከትከሻቸው አውርደው አቀበሉኝ።